ቀይ ክር ያሰርኩባት ኩባያ

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዮፍታሄ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ብርዱ ጨመረበት? ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዳቦ በሻይ እየነከርክ ነው የምትውለው? እንቅልፍህስ? ባለፈው በስልኩ ካሜራ ሳይህ አንገትህ ቀጥኖብኝ ገመቺስን ብጠይቀው መብራቱ ነው አለኝ፤ ባሌ ሁሉን ነገር በመብራት የሚያሳብብ ሰው መሆኑን ታውቃለህ። እኔም፣ እሱም፣ ልጆቹም ቆመን እንሄዳለን፤ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በጣም ፈርቻለሁ። ይህን ወረቀት የያዝኩትም ፍርሃቱን ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘግቻለሁ፤ ምላሴ ይተሳሰርብኛል። ዐሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው ነገሩ የሚወጣለት በጽሑፍ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምረው ወንድይራድ እናንተ ከተማ ለትምህርት ሊመጣ ቅዳሜ ይበርራል፤ ይህን እሱ ያደርስልሃል። ማርና በርበሬም ይዞልሃል። ጥጋበኛ አትሁንና ተቀበለው፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ እንዲለቅልኝ የለመንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ዋናውን ላስቀድም። እማዬ ከቤቴ ወጥታ ሄዳለች። ጎሬ፣ አባባ በተወልን ቤት፣ በሯን ዘግታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ኅዳር 17 ጅማ መድኃኒቷን የምትወስድበት ቀን ነበር፤ አልሄደችም። የሚቀጥለው ቀጠሮ ታኅሣሥ 8 ነው፤ እሱንም አልሄድም ብላለች። ሐኪሟ ጋ ደውዬ ነበር። አንዱ ቢያልፋትም እንደምንም እንደርስበታለን፣ ሁለተኛው ካለፋት ግን ዕጢው ይቀድመናል ነው ያለኝ። ለዚህ ያበቃት በሽታው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ከመነሻው ልንገርህ፤ አንብበህ ስትጨርስ የፈለግከውን ስደበኝ።

ሐምሌ ላይ ብብቷ ሥር ያበጠው ነገር ተመልሶ መምጣቱን ታውቃለህ። መድኃኒቱን በየሦስት ሳምንቱ ጅማ እየወሰደች፣ ለመንገዱ እንዲቀርባት ብዬ እኔ ጋ መቱ አመጣኋት። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ፀጉሯ ሲረግፍ ራሴ ዱባ ሆነ እያለች ትልቋን ልጄን ትንቢትን ታስቃት ነበር። ነሐሴ ሴናን ስወልድ አራሷ እኔ፣ ታማሚዋ እሷ፣ ገንፎ አቅራቢዋም እሷ ነበረች። ተቀመጪ ብላት እኔ ምን ሆንኩና ትለኛለች።

መስከረም ላይ፣ የመስቀል ዋዜማ ዕለት፣ ደወልክልኝ። ሴናን እያጠባሁ ነበር። ያ የቤተ ሙከራ ሥራህ ተሳክቶልህ ደስ ብሎህ ነበር። ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠራው ብዬ የጠየቅኩህ እኔው ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። የዕጢ ሴሎች ሲሞቱ፣ አንዳንዴም ሳይሞቱ፣ ዲኤንኤያቸውን ቆራርጠው ወደ ውጭ ይለቃሉ አልከኝ። ቁርጥራጩ በደም ይዞራል። ሌላ ሴል፣ ምንም ያልነካው ጤነኛው እንኳ፣ ያን ቁራጭ ወደ ውስጡ ሊያስገባው ይችላል። አንዱ ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ይቆጣል፣ ዙሪያውንም ያስቆጣል፤ ሌላው ደግሞ ጠባዩ ይለወጥና ሳያውቅ ዕጢውን ሊያግዝ ይችላል። ይህን በብልቃጥ ውስጥ አይተነዋል፣ በሰው ገላ ውስጥ ግን ምን ያህል እንደሚሆን ገና እያጠናን ነው አልክ። የመጨረሻዋን ነገር ያስታወስኳት ቆይቼ ነው። በዚያች ሰዓት ጆሮዬ የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነበር።

የሰማሁትም እንደ መዝገብ ቤት ሰው ነው። እያንዳንዱን ሴል እንደ አንድ ቢሮ፣ ዲኤንኤውን እንደ መዝገቡ አሰብኩት። አንዱ ቢሮ ሲፈርስ መዝገቡ ተቀዳዶ በመስኮት ይበተናል። የጎረቤት ቢሮ ጸሐፊ ቅዳጁን ታነሳና የራሷ መስሏት ፋይል ውስጥ ትከተዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያ ቢሮ የሚጽፈው ሁሉ የተበላሸ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ምናልባት ትክክል ነኝ። ስህተቴ ከዚያ በኋላ ነው። የተበተነ ወረቀት አጥር አያግደውም ብዬ አሰብኩ። ከእማዬ ገላ በምራቋ፣ በላቧ፣ በማንኪያዋ ወጥቶ ወደ እኛ ገላ የሚገባ መሰለኝ። አንተ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል አላልከኝም፤ አይተላለፍም ብለህም አልነገርከኝም። እኔም መልሱን ፈርቼ አልጠየቅኩህም።

በማግስቱ ኩባያዋን ለየሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከሌላ ጋር የማይቀላቀል፣ ከክፍሉም የማይወጣ ፋይል ቀይ ክር እናስርበታለን። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው በኩባያዋ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ቀጥሎ ሳህኗን፣ ከዚያ ማንኪያዋን ለየሁ። ልብሷን በሌላ ሳፋ፣ በጓንት ማጠብ ጀመርኩ። ሐኪሙ ነው ያዘዘው፣ የእኛ ጉንፋን እንዳይዝሽ ነው አልኳት። ዋሸኋት። እማዬ የሐኪም ትእዛዝ ከተባለች ክርክር የላትም፤ እሺ ልጄ አለችና ለብቻዋ ትበላ ጀመር። ትንቢት ከአያቴ፣ ከአኮዬ ጋር ካልበላሁ ብላ ስታለቅስ ያባበለቻት ራሷ እማዬ ናት። በአንድ ትሪ ካልሆነ እህል የማይወርድላት ሴት ጥግ ላይ ብቻዋን ስትጎርስ እያየሁ ክሩን አልፈታሁትም። ሆዴ ይባባል፣ ፍርሃቴ ደግሞ ሆዴን ይበልጠዋል።

ጥቅምት 17 ሴና ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሳች። አጎታችን ደቅሲሳ ከዳሪሙ ድረስ፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ መጣልን። ከምሳ በኋላ ትልልቆቹ ልጅቷን እየተቀባበሉ መረቋት። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ ቱፍ ቱፍ ማለቱን ለአንተ አልነግርህም፤ በዚያ ምራቅ ነው ያደግነው። አንተንስ ለማትሪክ ስትወጣ፣ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ ኋላም አውሮፕላን ልትሳፈር ስትነሳ፣ እማዬ ግንባርህ ላይ ቱፍ ሳትል መች ሰደደችህ?

አጎታችን መርቆ ልጅቷን ለእማዬ ሰጣት። እማዬ አገጯን በጣቷ ቀና አድርጋ፣ ጉደዹ፣ እደጊልኝ፣ ዕድሜሽ ከእኔ ይርዘም፣ ዕጣሽም ከእኔ ይሻል አለችና ግንባሯ ላይ ቱፍ ቱፍ አለች። እንዴት ብዬ ከመቀመጫዬ እንደተነሳሁ አላውቅም። ልጄን ከእጇ መንጭቄ ግንባሯን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምናልባት ሰው ባላወቀብኝ። ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ ደጋግሜ ነው የጠረግኩት። አጎታችን ምን ነካሽ ልጄ አለኝ። እማዬ አፏን በመዳፏ ጠረገችና ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ከአፏ ላይ አላወረደችውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቱፍ ማለት ተወች። ትንቢት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እንደ ልማዷ ግንባሯን ብታቀርብላት በእጇ ብቻ ደባብሳ አፌን አሞኛል አለቻት። ገመቺስ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ሂጂና እግሯ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂያት አለኝ። ጠየቅኳት። ምን አደረግሽኝና ብላ ወሬ ለወጠችብኝ። ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ዓያንቱ ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች እማዬን ታይልኛለች። አንድ ቀን ጓሮ ወስጄ አንተ ያልከኝን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ወንድምሽ የሚያጠናው በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ያለውን ነው አለችኝ። የእናትሽ ዕጢ የለቀቀው የእናትሽን ሴሎች ነው የሚያገኘው። በኩባያ፣ በምራቅ፣ አብሮ በመብላት ካንሰር የያዘው ሰው አላየሁም፣ እንዲህ ተብዬም አልተማርኩም አለች። ጓንቱን መድኃኒቱን በወሰደች ሁለት ሦስት ቀን ብቻ አድርጊው፣ እሱም ለመድኃኒቱ እንጂ ለበሽታው አይደለም ብላ መከረችኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ቀይ ክር ያለባትን ኩባያ አነሳች። እማዬ ያስተረፈችው ውሃ ነበረበት። ፊቴ ቆማ ግማሹን ጠጣችና የቀረውን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

አልተቀበልኳትም፣ ዮፍታሄ። የማጠባ ሰው ነኝ አልኳት። የተናገርኩት በሹክሹክታ ነው፣ ነገር ግን ዞር ስል እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ታየናለች።

ለካ ነገር ትሰበስብ ነበር። ትንቢትን ጠርታ ይህ ክር ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ እውነቱን ነገረቻት፤ በእናቴ ቢሮ ቀይ ክር ያለበት ከሌላው ጋር አይቀላቀልም አለቻት። ያችን ሰሞን፣ ኅዳር 5፣ ሴና ክትባቷን ወሰደች። በማግስቱ አተኮሳት። ክትባት ሲወስዱ የሚሆን ነገር ነው፣ ትንቢትንም አተኩሷት ነበር። እማዬ ግን ክሩን፣ ነጠላዬን፣ ያልጠጣሁትን ውሃ፣ የልጅቷን ትኩሳት አንድ ላይ ገጣጠመችው። ኅዳር 7 እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ልብሷን በፌስታል፣ ኩባያዋን በጋቢዋ ሸፍና፣ ጎሬ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ለዓያንቱ እናት ሕፃኗን እኔ ነኝ የበከልኳት፣ ሳልጨርሳቸው ልሂድላቸው ብላት ነው የሄደችው።

ከሰዓት በኋላ የሴና ትኩሳት ወረደ። ደስ ብሎኝ ደወልኩላት። ልጅቷ ደህና ናት፣ ክትባቱ ነው፣ አሁን ገመቺስን ልኬ አስመጣሻለሁ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አየሽ፣ እኔ ስርቅላት ተሻላት።

ገመቺስ ኡካ ያለውን የቡና ማጠቢያ ሥራውን ጥሎ ሄዶ ለመናት፤ በሩን አልከፈተችለትም። ዓያንቱ ሄዳ አስረዳቻት። አንቺ ደግ ልጅ ነሽ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነው አለቻት። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ልንገርህ፤ ቅዳጁ የወደቀው ከእኔ እጅ ነው፣ ያነሳችው እሷ ናት፣ አሁን ፋይሏ ውስጥ ገብቷል፣ እኔ ላወጣላት አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ሴናን አዝዬ ራሴ ሄድኩ። ጎሬን ጉም ወርሷት የቤታችንን በር ያየሁት ደጁ ስደርስ ነው። ማንጠልጠያው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ከኩባያው ፈትታ በሯ ላይ አስራዋለች። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ስጠራት በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል መጣች። ከስታለች። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ የግራ እጇም አብጧል። ኩባያዋ መስኮቱ ላይ ናት፤ የጎረቤት ልጅ ከሩቅ ሆና ውሃ እንድትቀዳባት ነው እዚያ የምታስቀምጣት። አነሳሁና የነበረውን ውሃ በሙሉ ጠጣሁት። እማዬ ጮኸች። ልጆች አሉሽ፣ ምን ማድረግሽ ነው ብላ መስኮቱን ልትዘጋብኝ ሳበችው። ዓያንቱ ስትዘረጋልኝ ጠጥቼው ቢሆን ኖሮ ይፈውሳት ነበር። አሁን ግን ጭራሽ አስፈራኋት።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ወንድይራድ እሑድ ይደርሳል። ይህን ባነበብክበት ቀን ለእማዬ ጻፍላት። እኛን አታምንም፣ የምታምነው አንተን ነው፤ ልጄ ውስጡን ያየ ሰው ነው ትላለች። በስልክ አይሁን፣ በስልክ ሰው ይዋሻል ባይ ናት። በወረቀት ይሁን፣ በትልልቅ ፊደል፣ መነጽሯ ተሰንጥቋል። የምትሠራበት ቤት ማህተም ይኑርበት። አትሳቅብኝ፤ ማህተም የሌለበት ወረቀት በዚህ አገር ወረቀት አለመሆኑን ታውቃለህ። ፎቶ አንስተህ በገመቺስ ስልክ ላክልኝ፣ እኔ አሳትሜ ጎሬ እወስድላታለሁ። ከታኅሣሥ 8 በፊት፣ ቢቻል ከ5 በፊት ይድረሰኝ፤ ጅማ ለመድረስ አንድ ቀን መንገድ አለብን።

ለእኔም ለብቻዬ ጻፍልኝ። ዓያንቱ ያለችው እውነት ነው? እውነት ነው ብዬ አምኛለሁ፣ ውሃውንም ጠጥቻለሁ፣ ሆኖም ሴና ባስነጠሰች ቁጥር ቆሌዬ ይገፈፋል። እኔን ለማጽናናት ያልሆነውን ሆነ አትበለኝ። የማታውቀው ነገር ካለም አላውቅም በለኝ፤ እሱን እችለዋለሁ። አሁን የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ካለፋት ዘጠኝ ቀን ሆኗል፤ ያ ቁርጥራጭ በደሟ ውስጥ እየዞረ አይደል? ይህን ስጽፍልህ የትኛውን ሴል አግኝቶ ይሆን? ሳንባዋን ወይስ ጉበቷን? ቢሮ ቁጭ ብዬ ወረቀት ስቀድ እንኳ እጄ ይቆማል። እኔ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብዬ ስፈራ ዋናው ነገር በእሷ ውስጥ ነበር። ከሁላችንም ይልቅ መጠበቅ የነበረባት እሷ ነበረች፣ እኔ ግን እኛን ከእሷ ስጠብቅ ከረምኩ።

ገመቺስ ሰላም ብሎሃል፤ ቡናው ዘንድሮ በአንድ ጊዜ ቀልቶ ከኡካ ወደ ቤት የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ትንቢት ጥርሷን ነቅላለች፣ ለአጎቴ ንገሪው ብላኛለች። ክሩን የነገርኳት እኔ ነኝ ብላ እያለቀሰች ስለሆነ፣ ስትጽፍ ለእሷም አንድ መስመር ጻፍላት፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም በላት። ሴና ፈገግ ማለት ጀምራለች፤ በአንተ ፎቶ ላይም ትስቃለች። አጎታችን ደቅሲሳ ከዳሪሙ ጸሎቱን ልኮልሃል። ዓያንቱም በርታ በልልኝ ብላለች። አብሮህ ለሚኖረው ልጅ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ማሩንም አካፍለው።

የእማዬን ሰላምታ ግን ላገኝልህ አልቻልኩም። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ከዚህ ቤት የወጣ ፖስታ ሁሉ ሳይታሸግ መጀመሪያ ለእሷ ይሰጣል፤ ስምህ ላይ ቱፍ ሳትልበት የላክሁልህ አንድም የለም። እሑድ ስምህን የጻፍኩበትን ባዶ ፖስታ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በፍርግርጉ አቀበልኳት። ስምህን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ወደ አፏ አስጠጋችው። ከዚያ አራቀችውና፣ ምንም ሳትልበት፣ በጋቢዋ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው። ባሕር ማዶ ያለውንም ልበክለው ብላ መለሰችልኝ። ይህ ፖስታ ደረቁን ነው የሚደርስህ።

እህትህ ሮማነወርቅ
መቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.